ከገደሞታ እስከ ሞጆ፦ የባልጩትና የቆዳ ፋቂዎች ረጅም ታሪክ

ከባቱ ከተማ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባል ሸንተረር አለ። ከጥንት ዘመን ፈንድቶ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ከንፈር ነው፤ ከላዩ ሲቆሙ የደንበል ሐይቅ ከነደሴቶቹ ከታች ይታያል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ሲጠርገው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ስባሪ ብቅ ይላል። ላላወቀው ሰው የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል፤ ባልጩት ነው። ከስባሪዎቹ ብዙዎቹ በሰው እጅ ታስቦባቸው የተፈለጡ መሣሪያዎች ናቸው፤ ከሩብ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩም አሉባቸው።

የሚያስደንቀው ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ከዚህ ሸንተረር ብዙም በማይርቁ መንደሮች፣ በጉራጌ፣ በሀዲያ፣ በሲዳማና በአርሲ፣ ይኸው ድንጋይ እስከ እኛ ዘመን ድረስ የቆዳ መፋቂያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ጎረቤት «ፋቂ» እያለ ያራቃቸው፣ መሬትና ጋብቻ የከለከላቸው ሰዎች የሰው ልጅ ካሉት ሙያዎች ሁሉ አንጋፋውን በእጃቸው ይዘው ኖሩ። የዛሬዎቹ የጥንታዊ ድንጋይ መሣሪያ ሊቃውንት ገደሞታ ላይ ያገኙትን ማንበብ የተማሩት ከፊሉን ከእነርሱ ነው። ይህ ውለታ እስካሁን በወጉ አልተነገረም።

ባልጩት የኳርትዝ ዘመድ ነው። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ሲሊካ ነው፤ ሲሊከንና ኦክሲጅን ተጣምረው የሚሠሩት፣ በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ የተትረፈረፈ ውህድ። ሲሊካ ጊዜ አግኝቶ ቀስ ብሎ ሲረጋ አቶሞቹ በሥርዓት ይደረደሩና ኳርትዝ ይሆናል። ንጹሑ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ጥቂት ባዕድ ነገር ሲገባበት ሐምራዊ ይሆንና አሜቲስት ይባላል። ክሪስታሎቹ በዓይን እስከማይለዩ ድረስ ሲደቁ ደግሞ ካልሴዶኒ፣ አጌት፣ ጃስፐርና ቸርት የሚባሉት ይወጣሉ። ውኃ አዝሎ የቀረው ሲሊካ ኦፓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ተገኝቶ የኢትዮጵያን ስም በዓለም የጌጣጌጥ ገበያ ያስጠራው ይህ ነው። በጉጂ ለገደንቢ ወርቁ የሚገኘው ከኳርትዝ ጅማቶች ጋር ነው። በእጅ ሰዓት ውስጥ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበች ጊዜ የምትቆጥረውም የኳርትዝ ቅንጣት ናት።

ባልጩት ከዚህ ቤተሰብ የሚለየው በችኮላው ነው። ከመቶ ከ70 እስከ 75 ያህሉ ሲሊካ የሆነ፣ እንደ ሊጥ የወፈረ ቅላጭ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አፍ ወጥቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ሰልፍ ለመያዝ ጊዜ ያጣሉ፤ ባሉበት ይደርቃሉ። ውጤቱ ክሪስታል የሌለው የተፈጥሮ መስታወት ነው። ፋብሪካ ብርጭቆ ለመሥራት የሲሊካ አሸዋና ሶዳ አሽ አብሮ ያቀልጣል፤ ስምጥ ሸለቆው ይህን በራሱ እቶን ሲሠራ ኖሯል። የአካባቢው ባልጩት ሶዲየም የበዛበት ነውና ስስ ስንጣሪውን ወደ ፀሐይ ቢይዙት ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያሳልፋል። የአብያታ ሐይቅን ውኃ ሶዳ ያደረገውም በዙሪያው ካለው ከዚሁ ዓይነት እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ ታጥቦ የሚመጣው ሶዲየም ነው።

በጥንካሬ ኳርትዝ ይበልጣል፤ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ሰባት ሲሆን ባልጩት ከአምስት ተኩል አያልፍም። ለእጅ ሥራ ግን ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም። ከጅማት የሚወጣ ኳርትዝ ሲመታ በውስጡ ባሉት ስንጥቆች እየተከተለ እንዳሻው ይበታተናል። ባልጩት መስታወት በመሆኑ መቺው ወዳሰበበት አቅጣጫ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል በተደራረበ ሞገድ ይፈለጣል፤ ጠርዙም ከብረት ምላጭ ይቀጥናል። ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ኳርትዝና ባሳልት እያለላቸው ባልጩት ፍለጋ ቀናት የተጓዙት ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ከአዳማ ዙሪያ የታደለ አገር ማግኘት ይከብዳል። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞህር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» ብሎ የሰየመው መስመር በስኳር ፋብሪካዋ ከተማ አጠገብ ያልፋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል በመተሐራ አናት ላይ ፈንታሌ፣ ቀጥሎ ቆኔ፣ ወደ አዳማ ሲቀርቡ ቦሰት፣ ከቆቃ በታች የገደምሳ ሰፊ ገንዳ፣ ወደ ደቡብ ቱሉ ሞዬና አሉቶ፣ ከዚያም ሻላና በሻሸመኔ አቅጣጫ ኮርቤቲ ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ በየዘመናቸው ባልጩት አፍስሰዋል። በአሉቶ ጀርባ ላይ የሚታዩት ጥቁር ግድግዳ መሳይ ፍሳሾች በጂኦሎጂ አቆጣጠር የትናንት ናቸው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለውም ከሥራቸው ባለው ሙቀት ላይ ነው። ይኸው ቅላጭ ጋዝ ሞልቶበት እየተነፋ ሲወጣ ደግሞ ፑሚስ ይሆናል፤ በአዳማና በሞጆ ዙሪያ የብሎኬት አምራቾች የሚዝቁት ቀላል ነጭ ድንጋይ የባልጩት አረፋ ነው ማለት ይቻላል።

የባልጩት ሥራ የተጀመረው ግን ከአዋሽ ራስጌ ነው፤ ቆቃንና ወንጂን ከሚያጠጣው ከዚሁ ወንዝ ላይኛው ክፍል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዠራር ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ሰፊውን ቁፋሮ ጀመረ፤ ሦስት አሥርት ዓመት መራው። ጣሊያኖች ተረክበው እስካሁን ቀጥለዋል። ከቦታው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ባልጪት የምትባል መንደር አለች፤ ዙሪያዋ ከአራት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ባልጩት ከመሬት ያገጠጠበትና የጥንት ፍልጥ ስንጣሪ የተከመረበት ነው። የመልካ ቁንጡሬ ቀደምት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው ይህን ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር።

በአርኪዮሎጂስቷ ማርጋሪታ ሙሲ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ግኝት ደግሞ ነገሩን ከፍ አደረገው። ሲምቢሮ በተባለው ሸለቆ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ንብርብር ውስጥ 578 የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙ፤ ከሦስቱ በቀር ሁሉም የባልጩት ናቸው። በሁለት ፊት ተጠርበው የተስተካከሉ የእጅ መጥረቢያዎች ይገኙባቸዋል። ጎርፍ የባልጩት ድንጋይ አምጥቶ ወንዙ ዳር አራግፎ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ዕድሉን አዩና ቦታውን የሥራ ቦታ አደረጉት። የእኛ ዝርያ ገና ባልነበረበት ዘመን አንድን ጥሬ ዕቃ ለይቶ መምረጥ፣ እጅ የሚቆርጠውን መስታወት ደግሞ እንዲህ በጥንቃቄ መጥረብ ይችላሉ ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ሰፈሩ።

ገደሞታ የቁፋሮ ዝናው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሜሪካዊው ፍሬድ ዌንዶርፍና ፖላንዳዊው ሮሙዋልድ ሺልድ በገደሞታና በአጠገቡ ባለው ኩልኩለቲ ሲቆፍሩ ባልጩቱ ተትረፍርፎ አገኙት። የድንጋዩ ምንጭ እዚያው ቅርብ ነው። ሰዎቹ እንደቀድሞው ከባድ የእጅ መጥረቢያ አይሠሩም፤ አንዱን ድንጋይ አስቀድመው ያሰናዱና ከእርሱ ላይ ቅርጹ የታወቀ ስስ ፍላጭ ያነሳሉ፤ ፍላጩን ሾል አድርገው እንጨት ላይ የሚተከል ጫፍ ያወጡለታል። ይህ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ጥበብ ነው። ዕድሜው መጀመሪያ ላይ አከራክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎቹ ሊያ ሞርጋንና ፖል ሬኔ በንብርብሮቹ መካከል ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ በአርገን ዘዴ መዝነው የጥንቱን ንብርብር ወደ 280,000 ዓመት ገደማ አደረሱት።

ከዚያ የኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት የዮናታን ሳህሌ ሥራ መጣ። ዮናታንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፦ እነዚህ ሹል ባልጩቶች በእጅ ተይዘው የሚወጉ ናቸው ወይስ የሚወረወሩ? መልሱን ያገኙት ባልጩት መስታወት በመሆኑ ነው። መስታወት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የሮጠበትን ፍጥነት የሚናገሩ ጥቃቅን የክንፍ ቅርጽ ምልክቶች በስብራቱ ፊት ላይ ይቀራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲለኩ ከገደሞታ ጫፎች አንዳንዶቹ በእጅ ከሚሰነዘር ውጊያ በሚበልጥ ፍጥነት የተሰበሩ መሆናቸውን አዩ። ድምዳሜያቸው ከ279,000 ዓመት በፊት በደንበል ዳር ድንጋይ ጫፍ ያለው ጦር ይወረወር ነበር የሚል ነው። ከዚያ በፊት የታወቀው ቀጥተኛ ማስረጃ ከ80,000 ዓመት አይበልጥም ነበር። በመለኪያው ዘዴ ላይ ጥያቄ ያነሱ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክሩ ጤናማ ነው። በኳርትዝ ወይም በባሳልት ላይ ግን ጥያቄውን በዚህ መንገድ ማንሳትም ባልተቻለ ነበር።

ባልጩት ሌላም ምስጢር ይናገራል። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የሚተፋው ቅላጭ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን የራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ስንጣሪ በኤክስሬይ ሲመረመር ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ሊታወቅ ይችላል። ተመራማሪዎቹ አጋዚ ነጋሽና ስቲቨን ሻክሊ በድሬዳዋ አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የወጡ ባልጩቶችን ሲመረምሩ ከፊሉ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ካሉ ምንጮች የመጣ ሆኖ አገኙት፤ ከመተሐራ ወዲህ ያለው ቆኔ አንዱ ነው። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይሄድ ነበር። በባሌ ተራሮች ላይ ከ3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኘው የፊንጫ ሐበራ መጠለያ ነዋሪዎች ደግሞ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ በበረዶው ዘመን ብርድ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ሲኖሩ ባልጩታቸውን ከዚያም በላይ ወጥተው ከተራራው ጫፍ ያመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ሲታተም በዓለም ከሚታወቁት የከፍተኛ ተራራ ሰፈሮች ሁሉ ቀዳሚው ሆነ። በጣም ቆይቶ፣ በአክሱም ዘመን፣ የቀይ ባሕርን ንግድ የመዘገበው የግሪክ ነጋዴ መጽሐፍ ፔሪፕለስም ከአዱሊስ በታች ባለው የባሕር ዳርቻ የሚገኘውን ባልጩት ሳይጠቅስ አላለፈም።

ብረት ሲመጣ የድንጋይ ዘመን አበቃ ይባላል። በአብዛኛው ዓለም እውነት ነው። በደቡብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ግን ብረት ማረሻውን፣ ጦሩንና ቢላዋውን ሲወስድ አንድ ሥራ ለባልጩት ተወው፤ የቆዳ መፋቅን።

ነገሩን የሚረዳው ቆዳ የፋቀ ሰው ነው። የበሬ ቆዳ በውስጥ ፊቱ ሥጋና ሞራ ይዞ ይመጣል፤ ከጀርባው ይወፍራል፣ ከሆዱ ይሳሳል። መሣሪያው ሞራውን አንስቶ ቆዳውን ሳይበሳ መቆም አለበት። ብረት ቶሎ ይዶለዱማል፤ ሲሳል ደግሞ ጠርዙ ቆዳን ይቀድዳል። ባልጩት ሲዶለዱም ትንሽ ፍንጣሪ ብቻ ከጫፉ ላይ ይነሳለታል፤ ወዲያው አዲስ ይሆናል። የጉራጌና የሀዲያ ቆዳ ፋቂዎች የሚጠቀሙበት እጀታ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መሐሉ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት የባልጩት መፋቂያ በዛፍ ሙጫ ይጣበቃሉ። አንዱ ሲደክም እጀታው ይገለበጣል። ሙጫው ራሱ ጥበብ ነው፤ በእሳት ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨብጣል፣ መፋቂያው ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ተሞቆ ይላቀቃል። ድንጋዩን ከምንጩ ቆፍረው ያወጡታል፤ እዚያው በብረት ዘንግ ሸርፈው ያቃልሉታል፤ የመጨረሻውን ቅርጽ ግን ቤት ገብተው ይሰጡታል። ቆዳው ተወጥሮ ሲታሰር ሠራተኛው ሁለት እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ከእግሩ ሥር ይወድቃል። አንድ የበሬ ቆዳ እስኪያልቅ ብዙ መፋቂያ ይበላል።

የሚወጣው ምን ነበር? መተኛው ቁርበት፣ መቀመጫው አጎዛ፣ ልጅ የሚታዘልበት አንቀልባ፣ እህል የሚጫንበት ስልቻ፣ አልጋና ቀንበር የሚታሰርበት ጠፍር። ያለነዚህ የገበሬው ቤት አይቆምም፤ የነጋዴው አህያም አይንቀሳቀስም።

አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጄምስ ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲመጣ በጉራጌ፣ በአርሲ ኦሮሞና በሲዳማ ቆዳ ሠራተኞች ዘንድ ባልጩት በየቀኑ እየተፈለጠ አገኘ፤ በ1977 ጥናቱን አሳተመ። ጥናቱ ለሙያ ባልደረቦቹ ካስተማረው ሁሉ ይህ ነጥብ ጎልቶ ይታያል፦ ቆዳ ፋቂዎቹ የባልጩት ስባሪ ልጆችንና ከብትን እንዳይቆርጥ ለቅመው ሰው በማይረግጠው ቦታ ይደፉታል። አርኪዮሎጂስቶች ስባሪ ክምር ባዩ ቁጥር «እዚህ መሣሪያ ይሠራ ነበር» ይሉ ነበር። ክምሩ ምናልባት የቆሻሻ መጣያ ብቻ ነው፤ የሥራው ቦታ ተጠርጎ ንጹሕ ሆኖ ሌላ ጋ ይሆናል። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ለዘመናት ሲጻፍ የነበረን ትርጓሜ አንድ የጥንቃቄ ልማድ እንደገና እንዲታይ አደረገው።

ሌሎች ተከተሉ። አርኪዮሎጂስቷ ካትሪን ዊድማን በጋሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከቆዳ ሠራተኞች ጋር ኖራ ስትመዘግብ የመፋቂያው ቅርጽ እንደ እጀታው ዓይነትና እንደ ሠፈሩ እንደሚለያይ፣ በየስለቱም ከአንድ መልክ ወደ ሌላ እንደሚሻገር አሳየች። ከዚያ በፊት ሁለት የተለያየ ቅርጽ ያላቸው መፋቂያዎች ሲገኙ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ተብሎ ይደመደም ነበር፤ ሁለቱ የአንድ ሰው የጠዋትና የማታ መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ዮናታን ሳህሌም ከገደሞታው ጥናቱ ጎን ከአጋዚ ነጋሽና ከዴቪድ ብራውን ጋር የሀዲያን ቆዳ ፋቂዎች አጥንቷል፤ ስለ ሙጫቸው አሠራርና አገጣጠም ለብቻው ጽፏል። አንድ ተመራማሪ የ280,000 ዓመቱንም የዛሬውንም ባልጩት እጁ ላይ ማስቀመጡ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ድንጋይን ከእንጨት ጋር በሙጫ መግጠም የሰው ልጅ አእምሮ ካደረጋቸው ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ ነው፤ ጦሩም መፋቂያውም ከዚያ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የመጣው ግን ከኮንሶ ነው፤ እዚህ ኳርትዝ ራሱ ወደ ታሪኩ ይመለሳል። ኮንሶ ከባልጩት ምንጭ ይርቃል፤ በዙሪያው የሚገኘው ቸርት፣ ካልሴዶኒና ኳርትዝ ነው። ከእነዚህ አስቸጋሪ ድንጋዮች መፋቂያ የሚፈልጡት፣ ቆዳውንም የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሙያውን ከእናት ወደ ልጅ ያስተላልፋሉ፤ የተዋጣላቸው ባለሙያዎች ደግሞ ዕድሜ የጠገቡት ናቸው። አርኪዮሎጂስቱ ስቲቨን ብራንትና ዊድማን ይህን በጽሑፍም በፊልምም አሳይተዋል። የድንጋይ መሣሪያ ሠሪ ሲባል በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ሁልጊዜ ጡንቻማ ወንድ ነበር የሚሣለው። የኮንሶ እናቶች በኳርትዝ ፊት ተቀምጠው ይህን ሥዕል ሐሰት አደረጉት።

ይህ ሁሉ እውቀት የነበራቸው ሰዎች በገዛ ጎረቤታቸው ዘንድ ያገኙት ምን ነበር? ከሰው ጋር አብረው አይበሉም፤ ከገበሬ ልጅ ጋር አይጋቡም፤ በብዙ ቦታ መሬት የላቸውም፤ የሚቀበሩትም ለብቻ ነበር። ዓይናቸው ይበላል ተብሎ ይፈራሉ። ሠርግ ያለ ቁርበታቸው አይደምቅም፤ እነርሱ ግን ከደጅ ነው የሚቀመጡት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ባለ እጁን የሚያዋርድ አገር ወደኋላ እንደሚቀር ንጉሡ ገብቷቸው ነበር። አዋጁ ግን ከከተማ ርቆ ብዙም አልተሰማም። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይበልጥ ሠራ፤ በብዙ ቦታ ቆዳ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሰው ማሳ አገኘ። ያገኘውም መፋቂያውን ጥሎ ማሳው ላይ ወጣ። ማን ይፈርድበታል? ሙያው እንጀራ ብቻ ሳይሆን ስድብም ይዞ ነበር የመጣው።

ቆዳው ራሱ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። የጅቡቲ ባቡር አዳማን ጣቢያ አድርጎ ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1917ም አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጥሬ ቆዳ ከቡና ጋር የፉርጎዎቹ ዋና ጭነት ሆነ። ከአርሲና ከስምጥ ሸለቆው ቆላ የሚመጣ ቆዳ በጨውና በፀሐይ ደርቆ ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ ጀመር፤ መፋቁና መልፋቱ በሰው አገር ሆነ። ቆይቶ ፋብሪካዎች መጡ፤ ሞጆና ቆቃ ዙሪያ፣ ውኃና መንገድ ባለበት፣ የአገሪቱ የቆዳ ኢንዱስትሪ ማዕከል ተተከለ። በእነዚህ ፋብሪካዎች ሞራውን የሚያነሳው ስለት ጠምዛዛ የሆነበት የብረት ሲሊንደር ነው፤ ቆዳው በጎማ ጥቅል ተይዞ ሲያልፍ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ቀጥሎ ክሮም ይነከራል፤ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ፍሳሹ የሞጆን ወንዝ ለዓመታት ሲያስጨንቅ ቆይቷል፤ ወንዙ የሚገባው ቆቃ፣ ማለትም አዋሽ ነው። በሞጆ የታሰበው የቆዳ ከተማ ከዓላማዎቹ አንዱ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ በአንድነት ማጣራት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳ ኤክስፖርት ላይ ከባድ ግብር ሲጥልም ምኞቱ ግልጽ ነበር፤ ጫማውና ቦርሳው እዚህ እንዲሠራ።

የገጠሩን ቆዳ ፋቂ የመጨረሻውን ምት የመታው ግን ፋብሪካው አይደለም። ፕላስቲክ ነው። ስልቻውን ማዳበሪያ ተካው፤ ቁርበቱን ስፖንጅ ፍራሽ፤ ጠፍሩን የናይለን ገመድ። አንቀልባ ዛሬ በከተማ ከባህል ዕቃ መደብር ካልሆነ አይገኝም። ተመራማሪዎች በየመንደሩ ሲመለሱ ባልጩት የሚፈልጡ እጆች እየቀነሱ፣ ልጆቻቸው ወደ ትምህርትና ወደ ንግድ እየሄዱ ያገኟቸዋል። አንዳንዱ ባልጩት ፍለጋ መሄዱን ትቶ የተሰበረ ጠርሙስ ፈልጦ ይፍቃል። መስታወቱ ከተራራ ቢመጣ ከቢራ ጠርሙስ፣ ለሚያውቅ እጅ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በፋሲካና በዒድ ማግስት በአዳማም በአዲስ አበባም ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። ድሮ «ቆዳ ያለው!» እያለ በየደጁ የሚዞረው ገዢ ዋጋው ስለወደቀ እየጠፋ፣ የበግና የበሬ ቆዳ ከቆሻሻ ጋር ሜዳ ላይ ይጣላል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር፣ ከመልካ ቁንጡሬና ከገደሞታ ብዙም ሳይርቅ፣ ቆዳን ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው የሌለ ይመስል። ይህ በጣም ያሳዝናል።

በዩኔስኮ መዝገብ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ሲሰፍሩ የከበረው የሞቱት ሰዎች ድንጋይ ነው፤ ይገባዋልም። ለሕያው ባህል የተዘጋጀው መዝገብ ሌላ ነው፤ እዚያ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓትና ጥምቀት ሰፍረዋል። የባልጩት ቆዳ ፋቂዎችና የኮንሶ ሴቶች ሙያ እዚያ የለም። ሙያውን ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ግን በእጅ አለ፦ በሀዲያ፣ በጋሞና በኮንሶ የተሠሩ ጥናቶች፣ ስለ ሙጫውና ስለ እጀታው የተጻፉ ዝርዝሮች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬም ባልጩቱን ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ የሚፈልጡ ጥቂት አዛውንት። ከባቱ፣ ከሞጆና ከአዳማ ትምህርት ቤቶች የሚነሳ አንድ አውቶቡስ እነርሱ ዘንድ ደርሶ መመለስ ይችላል፤ ለጉብኝቱ ክፍያ ከደጅ ሳይሆን ከቤት ውስጥ፣ በክብር ቦታ ተቀምጠው ሊቀበሉ የሚገባቸው እነዚያ አዛውንት ናቸው።